የታንኳ ጉዞ ጓዝ ስትሸክፉ
በሰሜን ሚኒሶታ በባውንደሪ ዋተርስ ሐይቆች በታንኳ እየተጓዛችሁ በድንኳን ልታድሩ ካሰባችሁ፣ የጀርባ ቦርሳችሁ ውኃ አያስገባም ብላችሁ አትመኑ። ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ከውስጡ ዘርጉ። የመኝታ ከረጢቱንና ቅያሪ ልብሱን እዚያ ክተቱ፤ በጉልበታችሁ ተጭናችሁ አየሩን አስወጡ፣ አፉን ጠምዝዛችሁ እጠፉትና ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። እኔ ይህን ባለማድረጌ አንድ ሌሊት በረጠበ ልብስ ስንቀጠቀጥ አድሬአለሁ።

ምግብ በጣሳም ሆነ በጠርሙስ ማስገባት እዚያ ክልክል ነው፤ በርበሬውንና ሽሮውን በፕላስቲክ ቋጥሩ። ሽሮ ደግሞ ለዚህ ጉዞ ተስማሚ ስንቅ ነው፦ አይከብድም፣ ቶሎ ይደርሳል። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ታንኳውንም ጓዙንም በትከሻ ስለምትሸከሙ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ለማደር ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ፤ በአንድ ቡድን ከ9 ሰው በላይ አይፈቀድም።