የካርድ ሞኖፖሊ ስትጫወቱ ነጥቧን እንዳትዘሏት

እህቴ ካቻምና ከአሜሪካ ስትመጣ ለልጆቼ ሞኖፖሊ ይዛላቸው መጣች፤ መሬት እየገዙ፣ ሌላው ሲያርፍበት ኪራይ የሚቀበሉበት የሰሌዳ ጨዋታ ነው። እኔ የማውቀው ዓይነት አይደለም። የወረቀት ብር የለውም። በብሩ ፋንታ ስድስት ካርድና ካልኩሌተር የምታክል ማሽን አለው። እናቴ ሳጥኑን አገላብጣ አየችና "ብሩን ጉምሩክ ወሰደው እንዴ?" አለች።

ማንም አልወሰደውም። ሞኖፖሊ በፈረንጆቹ 1935 ገበያ ላይ ሲውል በወረቀት ብር ነበር። ካርዱ የመጣው በ2006 እንግሊዝ አገር ነው። እኛ ቤት ያለው የዚያ ዘር ነው። ቤታችሁ ካለ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ እኛ ተጨቃጭቀን የተማርነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ባትሪ። የሚገባው የሪሞት ባትሪ ነው፣ ትንሹ። ክዳኑ በብሎን ስለታሰረ ካቻቢቴ ፈልጉ። ባትሪ ላይ አትቆጥቡ፤ ብሩ ያለው ካርዱ ላይ ሳይሆን ማሽኑ ውስጥ ነው። እኛ አሮጌ ባትሪ ከቲቪ ሪሞት ነቅለን ጀመርን። መሀል ላይ ስክሪኑ ድርግም አለ፤ የአምስታችንም ሀብት አብሮ። ትልቁ ልጄ እስከ ዛሬ "ያኔ እኮ አሸንፌ ነበር" ይላል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የድሮውን የምታውቁ፣ አራት ዜሮ ጨምሩበት። 1,500 ይዛችሁ ትጀምሩ የነበረው አሁን 15 ሚሊዮን ነው። መነሻውን ስታልፉ የምትቀበሉት 200 ደግሞ 2 ሚሊዮን ሆኗል። ማሽኑ ላይ "ኤም" ሚሊዮን ነው፣ "ኬ" ሺህ። ኪራይ ሲከፈል የከፋዩ ካርድ የመቀነስ ምልክት ባለበት በኩል ይገባል፣ የተቀባዩ በመደመሩ በኩል። ከዚያ ቁጥሩ ይነካል። አለቀ።

ጣጣው ያለው እዚህ ጋ ነው። ትንሿ ልጄ ቢጫዎቹ መሬቶች ላይ ወንድሟ አንዲት ቤት የሠራበት ቦታ አረፈች። ኪራዩ 1.2 ሚሊዮን። ማሽኑን የሚነካው ባንከር ወንድሟ ራሱ ነበር። ነጥቧን ዘለላትና 12 ሚሊዮን ነካ። ማሽኑ ጢጥ አለ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ሁለት ዙር ከሄድን በኋላ ልጅቷ መሬት ልትገዛ ስትል ኪሷ ባዶ። ለቅሶ በለቅሶ ሆነ። በወረቀት ብር ቢሆን ያ ሁሉ ብር ከእጇ ሲወጣ ታየው ነበር፤ ካርድ ግን ሲገባም ሲወጣም ያው ካርድ ነው። (ልጁ አውቆ ነው አይደለም የሚለው ክርክር አሁንም አልተዘጋም።)

እንዲህ ሲሆን ጨዋታውን አታፍርሱ። ካርዶቹን ቦታ አቀያይሩና ልዩነቱን መልሱ፤ የእኛው 10.8 ሚሊዮን ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባንከሯ እናቴ ናት። ቴሌብር ያስለመዳት ነገር አለ፤ ልኬልሻለሁ ብትሏት መልዕክቱ ሳይገባ አታምንም። ሕጓንም ያወጣችው ከዚያ ነው። ከፋይ መጠኑን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እሷ ደግማ ትለዋለች፣ ከዚያ ትነካለች። ቀሪ ሂሳቡን ለባለካርዱ ሳታሳይ ካርድ አትመልስም። ጨዋታው በትንሹ ይዘገያል፤ ግድ የለም። የእናንተም ባንከር እንዲህ ያለ ተጠራጣሪ ሰው ይሁን።

የምትገዙ ከሆነ ካርዶቹን ቁጠሩ፤ ለየሰዉ አንድ ካርድ ነው። በፈረንጆቹ 2016 የወጣው ዓይነት መሬቱን ራሱን ስካን ያደርጋል፣ ቁጥር መንካት የለም፣ ነጥብ የሚዘለልበትም የለም። ግን ለአራት ሰው ብቻ ነው። እኛ አምስት ስለሆንን አንድ ሰው ሻይ አፍሊ ሊሆን ነው ማለት ነው።

የድሮው ሞኖፖሊ ኖሯችሁ ብሩ የጠፋባችሁ ደግሞ ማሽን አያስፈልጋችሁም። ስልካችሁ ላይ ኖት ክፈቱ፣ ለየሰዉ 1,500 ጻፉ፣ እየቀነሳችሁ እየደመራችሁ ሂዱ።

ጨዋታው ካላለቀና ለነገ ከተላለፈ ማሽኑን አትመኑ። የሁሉንም ቀሪ ሂሳብ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ሰሌዳውንም በስልክ ፎቶ አንሱት። እኛ ፎቶ ማንሳት የጀመርነው አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ቢጫዎቹ ላይ ማታ ያልነበረ ሆቴል ቆሞ ካገኘን በኋላ ነው።