ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በቅንጦት ለመኖር የሚያስችል መመሪያ

ይሄ መመሪያ ለሁሉም ሰው አይደለም። ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር፣ ባጃጅ ሲጠብቅ ፀሐይ ለሚመታው፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ለሚመጣለት፣ ግን ደግሞ «እኔ ከማን አንሼ!» ለሚል ሰው ነው። እኔ ቱሉ ዲምቱ የገባሁት በግንቦት 2016 ነው። ቤቱ የኪራይ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚሁ እኛ ሰፈር ስለሆነ፣ ጠዋት ወደ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ስቆም በአጠገቤ ያለፈው ሰውዬ አዳማ ደርሶ ቁርሱን ይበላል። እና ልምድ አለኝ። ዕዳም አለኝ።

ቅንጦት የሚጀምረው ከሶፋ ነው። ኤል ሼፕ ካልሆነ ሶፋ ገዛሁ እንዳትሉ፣ ሰው ይስቅባችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሜትር ያዙ። ሳሎኑን ሁሉም ሰው ይለካል፣ እኔም ለክቻለሁ። መለካት ያለበት ደረጃው ነው፤ በተለይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው መታጠፊያ። እኔ ሳልለካ ሄድኩና ባለሱቁን «በደረጃ ይገባል?» አልኩት። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ይፈታታል» አለኝ።

አልተፈታታም።

ጫኝና አውራጅ ልጆቹ ከመኪና ለማውረድ በአንድ ዋጋ ተስማማን፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቁጭ አሉና ሌላ ዋጋ ጠሩ። «ጋሼ፣ ይሄ በደረጃ አይሆንም፣ በገመድ ነው።» ገመዱ የራሳቸው ነው፣ ኪራዩ ለብቻ ይታሰባል። ሦስቱ በረንዳዬ ላይ ወጥተው ይጎትታሉ፣ ሁለቱ ከታች ይገፋሉ፣ የብሎኩ ሕፃናት በሙሉ «ሆ!» እያሉ ያጅባሉ፣ እኔ መሬት ቆሜ ስድስት ወር የቆጠብኩት ገንዘብ አየር ላይ ሲወዛወዝ አያለሁ። ምድር ቤት ያሉት እማማ በርበሬ አስጥተው ነበርና ወጥተው ሽቅብ አንጋጠጡ። «ምነው ልጄ፣ የታመመ ሰው ነው እንዴ?» አሉኝ። «ሶፋ ነው እማማ።» «አዪዪ፣ እግዜር ይማረው» ብለው በርበሬያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ቅዳሜ ነበር። ኳስ በቲቪ እየታየ ነበር። ሶፋው ሁለተኛ ፎቅ ጋ ሲደርስ ዞረና የጎረቤቴን ዲሽ በክርኑ ገጨው። ሰውዬው በካልሲው በረንዳ ላይ ብቅ አለ፣ ሶፋውን አየ፣ እኔን አየ። ምንም አላለም። እስከ ዛሬም ምንም አላለም፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስልኩን ያወጣል።

ሶፋው ከገባ በኋላ ላስቲኩን እንዳትቀዱት። ይሄ ወሳኝ ነው። ላስቲኩ ላይ የሶፋ ልብስ ይለብሳል፣ ልብሱ ላይ ዳንቴል ይጣላል፣ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ ልጅ እንዳይቀመጥ ትራስ ይደረደራል። የሶፋዬን ቀለም የምናውቀው እኔ፣ ባለቤቴና ባለሱቁ ብቻ ነን። ቡኒ ነው። እኛ ቤተሰቡ የምንቀመጠው ኩሽና በር ላይ፣ በርጩማ ላይ ነው፤ ለቡናም ይቀርባል።

ዋጋ ሲጠይቋችሁ ምን እንደምትመልሱ ተዘጋጁ። ድሮ የተወደደ ዕቃ መግዛት ነበር የሚያኮራው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ ወጉ ተገለበጠ። አሁን የሚያኮራው «እኔ እኮ ከዶላሩ በፊት ነው የገዛሁት» ማለት ነው። ይሄን ስትሉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ መሬት ገዝታችሁ ያስቀመጣችሁ ይመስል። እኔ ሶፋውን የገዛሁት ሰኔ ላይ ስለሆነ በዚህ አንድ ነገር የሚያክለኝ የለም። ቲቪውን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። ስለ ቲቪው ዋጋ አላወራም።

ቡፌ የግድ ነው። ባዶ ሆኖ ይገዛል፣ እንግዳ ይሞላዋል። «ቤት ለእንቦሳ!» እያለ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ስድስት ብርጭቆ ይዞ ነው የሚመጣው። እናንተም «እንቦሳ እሰሩ» ብላችሁ ትቀበላላችሁ። አራተኛ ፎቅ፣ የኪራይ ቤት፣ እንቦሳው የት እንደሚታሰር አትጠይቁኝ። በኛ ቡፌ ውስጥ አሁን ሰባ ሁለት ብርጭቆ አለ፣ ቆጥሬያለሁ። ውሃ የምንጠጣው በፕላስቲክ ጆግ ክዳን ነው፣ ምክንያቱም የቡፌው ቁልፍ ባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቦርሳው ደግሞ ሥራ ቦታ ነው።

ቲቪ ከ65 ኢንች በታች አይታሰብም። ከጥግ እስከ ጥግ 165 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ የኔን እናት ያህላል። ከሶፋው ያለው ርቀት ሁለት ሜትር ስለማይሞላ ዜና አንባቢው ሲያወራ የምናየው አንገታችንን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞርን ነው፣ ቴኒስ የምናይ ነው የምንመስለው። ስታቢላይዘር ግዙለት፣ ቀልድ የለውም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚመጣበት ኃይል ዕቃ ያቃጥላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቲቪው ግሩም መስታወት ነው። ባለቤቴ ሻሿን የምታስረው እሱ ፊት ቆማ ነው።

አሁን ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን። እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። ሰባት ኪሎ የሚያጥብ፣ ከፊት የሚከፈት ማሽን ለአንድ ዙር ሃምሳ ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ በኛ ቋንቋ ሁለት ቢጫ ጄሪካን ተኩል። ውሃው የሚመጣው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እሱም አራተኛ ፎቅ ሲደርስ እንደ እንባ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ማሽኑ ግፊት ካላገኘ አይሠራም። ዘዴው በሳሙና ማስገቢያው በኩል በጆግ መሙላት ነው። ይሠራል፣ ግን ለማለቅለቅ ሲደርስ እንደገና ውሃ ይጠይቃል፣ ካልሰጣችሁት ሰዓቱ ላይ የማይገባችሁን ፊደል ጽፎ ይጮኻል፣ በሩንም አይከፍትም። ሱሪዬን ውስጥ አስቀርቶብኝ በቢጃማ ታክሲ ልሳፈር የነበረበት ጠዋት አለ። ልብስ የምታጥብልን እህት እንደ ድሮው ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። «ጥሩ ዕቃ ነው» ትላለች፣ ማሽኑን። ሳፋዋን የምታስቀምጠው እሱ ላይ ነው፣ ቁመቱ ተመችቷታል፣ ጎንበስ ማለት ቀረላት።

የኤሌክትሪክ መኪና የምታስቡም አላችሁ፤ በ2016 የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሁሉም ሰው ባለሙያ ሆኗል። እኔ የለኝም። ማዶ ያለው ብሎክ ላይ አንዱ ገዝቷል፣ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ኤክስቴንሽን ያወርዳል። በቤት ሶኬት፣ በሁለት ኪሎዋት ተኩል፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለመሙላት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ እሱ ቤት ዓርብ የእንጀራ ቀን ነው፣ ቅዳሜ በታክሲ ነው የሚሄደው።

«ብሩ ከየት ይመጣል?» ካላችሁ፣ ከዕቁብ። መጀመሪያ ላይ ለማውጣት ዳኛውን ለምኑ፣ «እናቴ ታመመች» አትበሉ፣ እናታችሁን ያውቋቸዋል። ከወሰዳችሁ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ምስር በመብላት ታሳልፋላችሁ። የቡፌው መስታወት ውስጥ ራሳችሁን ስታዩ ቅጥን ብላችኋል። ያምርባችኋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለተከራዮች። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፣ እንዳትዘነጉት፤ እኔ ሶፋ ስገዛ ዘንግቼዋለሁ። አከራዬ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ውሉ ግንቦት ላይ እንደሚያልቅና ልጁን ሊድርበት እንዳሰበ ነገረኝ። እንኳን ደስ አለዎት አልኩት። ጫኝና አውራጅ ልጆቹን አግኝቻቸዋለሁ፣ ገመዱ አሁንም አለ፣ ኪራዩ ጨምሯል፣ «በዶላሩ ነው ጋሼ» ይላሉ። ለእማማ በርበሬ እንዳያሰጡ ነግሬያለሁ። አሁን እኔና ባለቤቴ ያልተስማማነው፣ ሁለተኛ ፎቅ ወርዶ ሰውዬውን «ዲሽህን አንሣ» የሚለው ማን ይሁን በሚለው ላይ ነው።