በፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም) የማህፀንንና የኦቫሪን (የእንቁላል ማምረቻውን) የደም ፍሰት በዶፕለር (ፍሰትን በሚለካ) አልትራሳውንድ መለካት

የወር አበባዋ የሚመጣላትን ታካሚ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን መመርመር ይመረጣል፤ በዚያ ወቅት የጎለመሰ ፎሊክል (እንቁላል የያዘ ከረጢት) ስለማይኖር የኦቫሪው የደም ፍሰት ንባብ ብዙም አይዛባም። ጎንደር ውስጥ ቀኑ የሚነገረን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነውና ማሽኑ ላይ ከመሙላታችን በፊት ወደ ጎርጎርዮሳዊው እንቀይረው። ከደምቢያ ወይም ከዳባት በሌሊት ተነስታ የመጣች ታካሚ የልብ ምቷ እስኪረጋጋ አረፍ ትበል።

በብልት በኩል ሲታይ ፊኛው ባዶ መሆን አለበት፤ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ጀምራ ለማታውቅ ልጅ ግን በሞላ ፊኛ በሆድ በኩል ይታያል። ዶፕለሩ ከመከፈቱ በፊት የኦቫሪው ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ተባዝቶ በ0.523 ይባዛል፤ ውጤቱ የኦቫሪው ይዘት ነው።

የማህፀን ደም ቅዳ የሚፈለገው ከማህፀን አንገት ጎን፣ የውስጠኛው አፍ ባለበት ከፍታ ላይ ነው። የጨረሩ ማዕዘን ከ60 ዲግሪ በታች ሆኖ ተመሳሳይ ሞገዶች በተከታታይ ሲገኙ ፒአይ (የደም ፍሰትን ተቃውሞ የሚያሳይ ቁጥር) ይለካል፤ ይህም ከሲስቶል (ልብ ሲኮማተር) ከፍተኛ ፍጥነት ላይ የዲያስቶል (ልብ ሲላላ) መጨረሻው ፍጥነት ተቀንሶ ለአማካዩ ፍጥነት ሲካፈል የሚገኝ ነው። የኦቫሪው ስትሮማ (በፎሊክሎቹ መካከል ያለው ሥጋ) ፍሰት ዝግተኛ ስለሆነ ፒአርኤፉና (የድምፅ ምቶቹ ድግግሞሽ) ፊልተሩ (ዝግተኛ ፍሰትን የሚያጣራው) ካልወረዱ ደም የሌለ ይመስላል፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በፒሲኦኤስ ብዙ ጊዜ የማህፀን ደም ቅዳ ፒአይ ከፍ፣ የስትሮማው ደግሞ ዝቅ ይላል። ሆኖም የ2023ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያ ለምርመራ የሚጠቀምበት ዶፕለርን ሳይሆን በአንዱ ኦቫሪ 20 እና ከዚያ በላይ ፎሊክል ወይም 10 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ይዘትን በመሆኑ፣ የዶፕለሩ ቁጥር ብቻውን ምርመራ ተደርጎ አይጻፍ። ሪፖርቱ ላይ የዑደቱ ቀንና የምትወስደው የሆርሞን መድኃኒት ይመዝገብ።