ለኦንላይን ሽያጭ ኮምፒውተር ስትገዙ የምትሸወዱባቸው ነገሮች

ቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ልብስ፣ ጫማ፣ ኮስሞቲክስ ወይም የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ አለ። አብዛኛው የጀመረው በስልክ ነው። ከዚያ ኢንቦክሱ ይሞላል፣ «ስንት ነው?» እና «አለ?» ይደራረባሉ፣ የትኛው ዕቃ እንደተሸጠና የትኛው ሞተረኛው ጋ እንዳለ መለየት ያቅታል። በቃ ላፕቶፕ ያስፈልገኛል ይባላል። ልክ ነው፣ ያስፈልጋል። ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። አሁን ላፕቶፕ ላይ መሸወድ ማለት ዕቃ ልታመጡበት የነበረው ብር ላይ መቀለድ ነው።

እኔ የማየው ስህተት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ሰው ብሩን የሚያወጣው ለስም ነው፤ ቀኑን ሙሉ አብሮት ለሚውለው ነገር፣ ማለትም ለስክሪኑ፣ ለራሙ (የተከፈቱትን ፕሮግራሞች የሚሸከመው ሜሞሪ)፣ ለባትሪው፣ ሳንቲም አይተርፈውም።

ሥራውን ሳታዩ ጌሚንግ ላፕቶፕ መግዛት

እስቲ በቀን የምትሠሩትን ቁጠሩት። ስልክ ላይ የተነሳውን ፎቶ ቆረጥ፣ ብሩህ አድርጎ ዋጋ መጻፍ። የቴሌግራምን፣ የፌስቡክንና የቲክቶክን መልእክት ጎን ለጎን ከፍቶ መመለስ። ኤክሴል ላይ የገባና የወጣ ዕቃ መመዝገብ። አልፎ አልፎ አጭር ቪዲዮ ካፕከት ላይ መቁረጥ። አለቀ። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም። ጌሚንግ ላፕቶፕ ከባድ ነው፣ ፋኑ ይጮሃል፣ ቻርጀሩ ራሱ ጡብ ያክላል፣ ባትሪው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ቪዲዮ ዋና ሥራችሁ ካልሆነ እለፉት።

በቀን ሦስት አራት ዕቃ ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገና ኮምፒውተር አያስፈልጋችሁም። ስልኩ ይበቃችኋል፣ ብሩን ዕቃ ግዙበት።

«ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲባል ማመን

ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። መርካቶም ሂዱ፣ መገናኛም ውጡ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያሉት ሱቆችም ግቡ፣ የሚቀበላችሁ ቃል አንድ ነው፦ «ኮር አይ ሰቨን፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ የዱባይ።» ይሄ የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስም ነው፤ አይ ሰቨን መሆኑ ለብቻው ምንም አይነግራችሁም። ቁም ነገሩ ከሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ መጀመሪያው ጀነሬሽኑን፣ ማለትም የስንተኛው ትውልድ እንደሆነ፣ ይናገራል። 7-4600 የሚል ከሆነ አራተኛ ጀነሬሽን ነው፣ በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ሽማግሌ። 5-8250 ካለ ስምንተኛ ነው፣ 2017። በ10 ወይም በ11 ከጀመረ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። አይ 7-7500ዩ የሚባለው ፕሮሰሰር ያለው ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚካፈል ክፍል፣ ሁለት ነው። አይ 5-8250ዩ አራት ኮር አለው። ማለትም በአንድ ጀነሬሽን ልዩነት ብቻ «ፋይቩ» «ሰቨኑን» በለጠው ማለት ነው፣ ሱቅ ውስጥ ግን «ሰቨኑ» በዋጋ ከፍ ብሎ ሊቀርብላችሁ ይችላል።

ስምንተኛ ጀነሬሽን ላይ የማተኩረው ዝም ብዬ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን ደግሞ በይፋ የሚፈቅደው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ላሉት ነው። ባለሱቁ «ችግር የለም፣ አሥራ አንድ ጭኜልሃለሁ» ሊላችሁ ይችላል። በጓሮ በር ማስገባት ይቻላል፣ አዎ። ግን አፕዴት ለመምጣቱ ዋስትና የለውም፣ እናንተ ደግሞ የባንክና የቴሌብር ሂሳባችሁን የምትከታተሉት በዚሁ ማሽን ሊሆን ነው።

ላዩ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትዩ፣ ስቲከር ይገዛል። ማሽኑ ሲነሳ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ግቡና እዚያ ያለውን ስም አንብቡ። የሌኖቮ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ 1፣ ዴል ኤፍ 2፣ ኤችፒ ኤፍ 10 ነው የሚጫኑት። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነውን ኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰር ካገኛችሁም አትሽሹ፣ ጥሩ ማሽን ነው፤ እዚያም ጀነሬሽኑን ጠይቁ።

ራሙን አይቶ ቀዳዳውን አለማየት

8 ጂቢ መነሻ ነው፣ 16 ሲሆን ሥራው ይለሰልሳል። ክሮም ላይ አሥር ታብ፣ ቴሌግራም፣ ኤክሴልና አንድ ፎቶ ማስተካከያ አንድ ላይ ሲከፈቱ 4 ጂቢ ይጨናነቃል፣ ይቆማል፣ እናንተም ደንበኛ ፊት ታፍራላችሁ። ግን ዋናው ጥያቄ ወደፊት ይጨመርበታል ወይ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብታችሁ ሜሞሪ የሚለውን ንኩ። ከታች በኩል ስንት የራም ቀዳዳ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። «ከ2 አንዱ» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ዛሬ በ8 ገዝታችሁ ከበዓል ሽያጭ በኋላ ሌላ 8 ትሰኩበታላችሁ። ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ዴል ላቲቲውድ 7490 ሁለት ቀዳዳ አላቸው፣ ብዙዎቹም ስምንተኛ ጀነሬሽን ናቸው፣ ስለዚህ ለኛ ሥራ ሁሌም መጀመሪያ የምጠራው እነሱን ነው። ቲ480ኤስ ግን፣ ስሙ ቢመሳሰልም፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ የቀረው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ኤክስ 1 ካርቦን ሙሉ በሙሉ የተበየደ ነው፣ ከገዛችሁት በላይ አይጨመርም።

እዚያው መስኮት ላይ ዲስክ የሚለውን ስትነኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ማከማቻ) ወይም ኤችዲዲ (ቀርፋፋው ሃርድ ዲስክ) ይላል። ኤችዲዲ ከሆነ ዋጋው ላይ ተከራከሩና ኤስኤስዲ አስቀይሩ። «ግን 1 ቴራ ነው እኮ» ይሏችኋል። ይሁን። 256 ኤስኤስዲ ያለው አሮጌ ማሽን 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ካለው አዲስ ማሽን ቀድሞ ይነሳል።

ስክሪኑን ረስቶ መግዛት

ልብስና ኮስሞቲክስ ለሚሸጥ ሰው እኔ ከፕሮሰሰር በላይ የማየው ስክሪኑን ነው። ምክንያቱም እዚያ ላይ ነው የፎቶውን ቀለም የምታስተካክሉት። ስክሪኑ ደብዛዛ ከሆነ እናንተ ታደምቃላችሁ፤ ደንበኛዋ በስልኳ ስታየው ቀሚሱ የሚንቦገቦግ ቀይ ይሆናል፤ ሲደርሳት ደግሞ የሸክላ ቀለም ነው። «ይሄ አይደለም ያሳየሽኝ» ትላለች። ትመልሳለች። የሞተረኛው የመሄጃም የመመለሻም ከእናንተ ኪስ ይወጣል።

አሮጌ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ሁለት ዓይነት ስክሪን አለ። አንዱ ቲኤን የሚባለው ነው፣ ብዙ ጊዜ 1366 በ768። ሌላው አይፒኤስ፣ 1920 በ1080። የሚገርመው ተመሳሳይ ሞዴል ሆኖ፣ ለምሳሌ ቲ480 ራሱ፣ በሁለቱም መውጣቱ ነው። ስለዚህ ሞዴሉን ማወቅ አይበቃም። አፈታተሹ ቀላል ነው፦ ከዕቃችሁ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስካርፍም ሊፕስቲክም ይሁን። ፎቶ አንሱና ላፕቶፑ ላይ ክፈቱት፣ ዕቃውን ከስክሪኑ አጠገብ አስቀምጡ። ከዚያ ስክሪኑን ገፋ፣ መለስ አድርጉት። ቀለሙ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ጥቁር ከተገለበጠ ቲኤን ነው፣ ተዉት። ቀጥሎ ነጭ ገጽ ሙሉ ስክሪን ላይ ክፈቱ፤ ጥላ የሚመስል ነጠብጣብ ካለ ያኔ ይታያል። የስክሪኑ ብርሃን ጫፍ ድረስ ከፍ ብሎም ቀን ላይ ካላያችሁት፣ ቤት ስትገቡም አታዩትም።

ባትሪን «ይሠራል ይሠራል» ብሎ ማለፍ

ባለሱቁ ሁሌም ቻርጀር ሰክቶ ነው የሚያሳያችሁ። ንቀሉት። ነቅላችሁ ሌላውን ሁሉ ፈትሹ፣ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ከመቶ ስንት እንደወረደ ራሱ ይናገራል። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፣ ትእዛዙን ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ፤ እዚያ ላይ ባትሪው ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን የሚይዘው ጎን ለጎን ተጽፏል። ግማሽ ከሆነ የባትሪ ዋጋ ቀንሱ።

ቲ480ን የምወድበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው፦ ሁለት ባትሪ አለው፣ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። ማሽኑ ሳይጠፋ የኋላውን ነቅላችሁ ሌላ ትሰካላችሁ። በታይፕ-ሲ ቻርጀርም ይሞላል።

ቻርጀሩም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ዴል ላይ ማሽኑ የማያውቀው ቻርጀር ከተሰካ ባትሪውን ላይሞላው ይችላል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። «አዲሱ ላፕቶፔ ቀርፋፋ ነው» የሚሉ ሰዎች ካሉ መጀመሪያ ቻርጀራቸውን እዩላቸው።

ዴስክቶፕ በዚያው ብር የተሻለ አቅምና ትልቅ ስክሪን ይሰጣችኋል፣ አይካድም። ሱቅ ካላችሁና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ከገዛችሁ አሪፍ ነው። ያለ ዩፒኤስ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠ ኤክሴል አብሮ ይሄዳል። በነገራችን ላይ ዋይፋዩም ከመብራቱ ጋር ይሄዳልና የስልክ ዳታችሁ ዝግጁ ይሁን።

ለመልኩ ብሎ አሮጌ ማክቡክ፣ እና የተቆለፈ ማሽን

የ2017 ማክቡክ ኤር ላይ ያለው ፖም ያምራል። ውስጡ ግን ራሙ የተበየደ ነው፣ ስክሪኑ 1440 በ900 ቲኤን ነው፣ የአፕል ሲስተሙም ሞንተሬይ ላይ ቆሟል። ብር ካላችሁ የ2020ው ኤም 1 ሌላ ዓለም ነው፣ ባትሪውም ስክሪኑም ለሥራችን ይመቻል፤ ከሌላችሁ ደግሞ በዚያ ብር ጥሩ ቲንክፓድ ግዙ።

ማክም ይሁን ሌላ፣ ብዙው ዩዝድ ዕቃ ከውጭ ድርጅቶች የወጣ ነው። አንዳንዱ ከነቁልፉ ይመጣል። ማክ ከሆነ ሻጩ እናንተ ፊት ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ሆኖ እንደ አዲስ ያስነሳው። የሌላ ሰው አፕል አካውንት ወይም የድርጅት ቁጥጥር የሚል ገጽ ከመጣ፣ በሩ ወዲያ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ባዮስ ስትገቡ ፓስወርድ ከጠየቀ ያው ነው። «ቀላል ነው፣ እናስፈታዋለን» ካሏችሁ አስፈትተው ይጥሯችሁ።

ክራክ የተጫነበትን እንዳለ መጠቀም

ይሄን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ሱቁ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ፎቶሾፑን በክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ በተሰበረ ቅጂ) ሞልቶ «ሁሉ ነገር አለው» ብሎ ይሰጣችኋል። ከእንዲህ ዓይነት ክራክ ጋር ተደብቆ የሚገባ ፕሮግራም አለ፣ ሥራው ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን የቴሌግራም አካውንት ፋይል ገልብጦ መላክ ነው። ሌባው ከዚያ በኋላ ኮድም ፓስወርድም አያስፈልገውም፣ እናንተን ሆኖ ይገባል። ቻናላችሁ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ የራሱን ቁጥር ይለጥፋል፣ ደንበኛው የሚያውቀው ግን የእናንተን ስም ነው።

መፍትሔው፦ ማሽኑን ስትገዙ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዳችሁ እንደ አዲስ ጫኑት፤ ብዙ የድርጅት ላፕቶፖች ላይ ላይሰንሱ ማሽኑ ውስጥ ስላለ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ሎካል ፓስኮድ አድርጉ። ስልካችሁ ላይ ዲቫይስስ የሚለውን እየከፈታችሁ የማታውቁት ማሽን ካለ አስወጡት። ለፎቶ ደግሞ ፎቶፒያ ብሮውዘር ላይ በነፃ ይሠራል፣ መልኩም ከፎቶሾፕ ብዙም አይርቅም፤ ካንቫም አለ። አማርኛ ለመጻፍም ምንም መግዛት አያስፈልግም፣ የዊንዶውስ ቋንቋ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን ብትጨምሩ ኪቦርዱ አብሮ ይመጣል።

ምሽት ላይ፣ በጥድፊያ መክፈል

ጠዋት ሂዱ። ኖትፓድ ከፍታችሁ ኪቦርዱን አንድ በአንድ ንኩት፣ ካሜራና ማይኩን ሞክሩ፣ በተለይ ላይቭ የምትሸጡ ከሆነ። ቻርጀሩ ተሰክቶ ሶኬቱን ትንሽ ነቅነቅ አድርጉት፤ ብልጭ ድርግም ካለ ቀዳዳው ተበልቷል። ዋስትና «አንድ ወር» ሲባል በቃል አትቀበሉ፣ ደረሰኙ ላይ ከማሽኑ ሲሪያል ቁጥር ጋር ይጻፍ። ንግድ ፈቃድ ካላችሁ ያው ደረሰኝ ለግብርም ወጪ ሆኖ ይቀርብላችኋል። ዋስትናው የኃይል መብዛት ያቃጠለውን ይሸፍን እንደሆነም ብሩን ከማስተላለፋችሁ በፊት ጠይቁ፤ አንዳንዱ ሱቅ ይሄን ሲጠየቅ ነው ዝም የሚለው፣ እናንተም ያኔ አንድ ስታቢላይዘር ጨምራችሁ ትገዛላችሁ።