ከውጭ ሆኖ ቤት ለሚያሠራ፦ የአምፖል መያዣ አመራረጥ

አገር ቤት ባለው ቤትዎ አምፖል ሲቃጠል መሰላል ላይ የሚወጡት እርስዎ አይደሉም። ተከራዩ ነው፣ ወይ ጥበቃው፣ ወይ የእህትዎ ልጅ። ስለዚህ መብራት ሲመርጡ ከማማሩ በፊት የሚቀበለው አምፖል ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። በፊኒሺንግ ጊዜ ስለ እብነ በረዱና ስለ ቁም ሳጥኑ ፎቶ ሲጎርፍ ይከርማል፤ ስለ አምፖል መያዣው (ሆልደር) የሚጠይቅ ግን የለም፣ ኤሌክትሪሺያኑም እጁ የገባውን ይገጥማል።

በመላው ቤት ከሁለት ዓይነት መያዣ ባያልፍ ይመረጣል። ለሳሎን፣ ለመኝታ ቤት፣ ለኮሪደርና ለበረንዳ ኢ27 ይሁን፤ ማለትም 27 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ እየተጠመዘዘ የሚገባው ባለ ጥርስ። ኮርኒስ ውስጥ ለሚቀበር ስፖት ላይት ደግሞ ጂዩ10። የሁለቱ እግሮቹ ርቀት 10 ሚሊሜትር ነው፣ ጫፋቸው ወፈር ያለ ነው፣ ገፋ ተደርጎ ሲዞር ይቆለፋል፣ በ220 ቮልት በቀጥታ ይሠራል። በመልክ የሚመስለው ባለ ቀጫጭን እግሩ ጂዩ5.3 ግን አብዛኛውን ጊዜ የ12 ቮልት ስለሆነ ከኮርኒሱ በላይ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። መብራቱ ሲጠፋ የሞተው አምፖሉ ይሁን ትራንስፎርመሩ ከታች ሆኖ አይለይም። ባለቤቱ በሌለበት ቤት ይህ ራስ ምታት ነው። ኤልኢዲው አብሮ የተሠራባቸው፣ መያዣ የሌላቸው ጠፍጣፋ መብራቶችም ከዚህ አይሻሉም፤ ሲበላሹ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፣ ያው መጠን ካልተገኘ ደግሞ የተቆረጠው ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ብዙ ስህተት የሚሠራው በሻንጣና በኮንቴይነር በሚላክ ዕቃ ላይ ነው። የአሜሪካና የካናዳ መብራት ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ አገር ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው መያዣ ኢ26 ከኢ27 ጋር በጣም ስለሚቀራረብ አምፖሉ ይገባል፤ መግባቱ ነው የሚያሳስተው። 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበት አምፖል እንደበራ ይሞታል፣ ለ120 ቮልት የተሠራ ዲመርም (ብርሃን መቀነሻና መጨመሪያ) ዕጣው ያው ነው። የአሜሪካ ቻንደሌር ብዙ ጊዜ በ12 ሚሊሜትሩ ኢ12 ይመጣል፤ የአውሮፓው ኢ14 አይገባበትም። መያዣውን እንቀይረው ቢባልም ማሰሪያ ቱቦው የኢንች ጥርስ፣ አዲሱ መያዣ ደግሞ የ10 ሚሊሜትር ጥርስ ሊሆን ስለሚችል ሳይገጥም ይቀራል። ከእንግሊዝ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢ22 ነው፤ ቮልቴጁ ይስማማል፣ ችግሩ በሁለት ጆሮ የሚቆለፍ አምፖል መፈለጉ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የሽቦ ቀለም ነው። በአሜሪካ ዕቃ ጥቁሩ ሽቦ ፌዝ (ኃይል የሚመጣበት)፣ ነጩ ኒውትራል (የሚመለስበት) ነው። ጥቁርን ኒውትራል አድርጎ የለመደ ባለሙያ ገልብጦ ያስረዋል። መብራቱ ግን በትክክል ይበራል፣ ማንም ልብ አይልም። አምፖል የሚቀይረው ሰው ብረታማውን ጥርስ ሲነካ ነው የሚታወቀው። ፌዝ ሁልጊዜ ወደ መሀሉ ምላስ (መያዣው ውስጥ ከታች ወዳለው ትንሽ ብረት)፣ ኒውትራል ወደ ጥርሱ መሄድ አለበት።

መያዣው ራሱ ሲገዛ ገላው ላይ የተጻፈው ይነበብ፤ ለኢ27 ቢያንስ 4 አምፔርና 250 ቮልት፣ ለኢ14 2 አምፔርና 250 ቮልት የተለመደ ነው። ማግኔት ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ምላሱና ጥርሱ ከተሳበ የተለበጠ ብረት ነው፣ ይዝጋል። ናስ አይሳብም። ጥቃቅን ብሎኖችና ስፕሪንግ ቢሳቡ ግን ዕቃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የመሀሉ ምላስ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ መነሳት አለበት፤ ተኝቶ ከቀረ አምፖሉን በደንብ አይነካም፣ ይፈነጥቃል፣ ከጊዜ በኋላ ያጠቁራል። ተከራይ አንድ ቀን ርካሽ ብሎ የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል ሊያስገባ ስለሚችል፣ ክዳን ባለው መብራት ውስጥ ከፕላስቲክ ይልቅ የፖርሰሊን መያዣ ይሁን። ባለ ብረት ገላ ከሆነ የኧርዝ ሽቦ ግዴታ ነው፤ የኧርዝ ማሰሪያ ከሌለው አይግዙት። ለበረንዳና ለአጥር አይፒ44 (የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት፣ ጎማው ያልጎደለ ይሁን፤ ገመዱም ከታች በኩል ይግባ፣ ከላይ ከገባ ዝናቡን እየመራ ያስገባዋል። የሚንጠለጠል መብራት ክብደቱ በማሰሪያ ብሎኖቹ ላይ ማረፍ የለበትም፤ ገመዱን ጨምቆ የሚይዝ ክፍል ያለውን ይምረጡ።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቅዎና ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው፣ ኃይሉ ከብሬከሩ ጠፍቶ ክዳኑ የተከፈተ መያዣ ፎቶ ነው፤ ሽቦው ከብሎኑ ውጭ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ተራቁቶ ከታየ ወይም በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለ ይታደስ። ሁለተኛው በኤሌክትሪሺያኑ የሚሠራ የቴስተር (ኃይል ያለበትን ሲነካ የሚበራ መፈተሻ) ቪዲዮ ነው። አምፖሉ ተነቅሎ ማብሪያው ሲበራ ቴስተሩ መሀሉን ሲነካ ይበራል፣ ጥርሱን ሲነካ አይበራም። ማብሪያው ሲጠፋ ሁለቱም ላይ አይበራም። ጥርሱ ላይ ከበራ ሽቦው ተገልብጧል። ጠፍቶም መሀሉ ላይ ደምቆ ከበራ ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው፤ እንዲህ ባለ ቤት ኤልኢዲ ማታ ማታ ደብዘዝ እያለ ሲያበራ ይታያል፣ ሰውም አምፖሉ ተበላሸ ብሎ ይቀያይራል።

ከየዓይነቱ ከአስር አንድ ትርፍ ያስገዙና ከብሬከሩ ሳጥን ክዳን ውስጥ ወረቀት ይለጠፍ፦ ሳሎን ኢ27፣ 9 ዋት ኤልኢዲ፤ የኮርኒስ ስፖት ላይት ጂዩ10፣ 5 ዋት፤ የአጥር መብራት ኢ27፣ ትርፉ ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ። የዚያኑ ወረቀት ፎቶ እርስዎም ስልክዎ ላይ ይያዙ።