የተጫረ የመኪና ቀለም ጋራዥ ሰጥቶ በትክክል እንዴት ማሠራት ይቻላል

አዲስ የተቀባ መኪና በስድስት ወሩ ሲያብጥ ወይም ሲላጥ ብዙ ሰው «ቀለሙ ርካሽ ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከቀለሙ ሥር ነው፤ በስቱኮው (ገጽታውን ለማስተካከል በሚለጠፈው ሊጥ)፣ በፕራይመሩ (ቀለሙ በሚያርፍበት መሠረት) ወይም በአጸዳዱ። ቀለም ከተረጨበት በኋላ ደግሞ ሥሩን ማየት አይቻልም። ስለዚህ መኪናውን ሰጥተው ለመረከብ ብቻ አይመለሱ። መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ብቅ ይበሉ፤ መቼና ምን ለማየት እንደሆነ ከታች እንነግርዎታለን።

1. የጭረቱን ጥልቀት ይለዩ

የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ አራት ንብርብር ነው። ላሜራው ላይ ዝገት መከላከያ አለ፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ የሚያብለጨልጨው ክሊር። አራቱ ተደምረው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆኑ ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር ሁለት አስረኛ እንኳ አይሞሉም።

ቦታውን በሳሙና አጥበው ያድርቁና እርጥብ ጣት ጭረቱ ላይ ያሳልፉ። ሲረጥብ ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ የተነካው ክሊሩ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጥፍርዎን ጭረቱን አቋርጠው ይጎትቱ። ጥፍር ካልያዘ መቀባት አያስፈልግም፤ በ2000 ከዚያም በ3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ታሽቶ በኮምፓውንድና በፖሊሽ፣ ማለትም በማለስለሻና በማብለጭለጫ ቅባት፣ ይወጣል። ጥፍር ከያዘና ውስጡ ግራጫ ከሆነ ፕራይመሩ ታይቷል ማለት ነው። ብረት ከታየ አይቆዩ፣ በተለይ ክረምት ላይ፤ ዝገት ከጭረቱ ጠርዝ ተነሥቶ በቀለሙ ሥር ይሄዳል። ባምፐር አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፣ ጊዜ ይሰጣል።

አንዳንዴ ጭረት የሚመስለው የገጨዎት መኪና ቀለም ተለጥፎ ነው። እሱ በኮምፓውንድ ይለቃል። ለዚህ ሙሉ በር ለመቀባት አይስማሙ።

2. መኪናውን ከመስጠትዎ በፊት

ሙሉ ኢንሹራንስ ካለዎት አስቀድመው ያሳውቁ። ገምጋሚው ሳያየው የተጠገነ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ክርክር ያመጣል።

የቀለም ኮዱን ራስዎ ያንብቡ። ቶዮታ ላይ የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ፣ በቆዩት ደግሞ ኮፈን ሥር ባለው ሳህን ላይ ይገኛል። 040 ነጭ፣ 202 ጥቁር፣ 1ኤፍ7 ብርማ ነው። 070 የሚል ካነበቡ ይጠንቀቁ። ይህ ዕንቁ ነጭ ነው፤ መጀመሪያ ነጭ፣ ከላዩ ስስ የዕንቁ ንብርብር፣ ከዚያ ክሊር ይረጫል፤ ስለዚህ ከተራ ነጭ ይወደዳል። እንደ ተራ ነጭ ከተቀባ ጥላ ውስጥ ይመሳሰልና ፀሐይ ላይ በሩ ብቻውን ይለያል።

ኮዱ መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ዐሥር ዓመት ፀሐይ የመታው መኪና ኮዱ ላይ ካለው መልክ ርቋል። ቀለም ቀማሚው ካርቶን ላይ ረጭቶ፣ ክሊር ቀብቶ፣ ከመኪናው ጎን አስጠግቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ሜዳ ላይ በቀን ብርሃን፣ ፊት ለፊትም በአግድምም ይዩት። ብርማና ሌላ ሜታሊክ ቀለም ፊት ለፊት ተመሳስሎ በአግድም ሲያዩት ሊጠቁር ይችላል።

ዋጋ ሲነጋገሩ ሦስት ነገር በወረቀት ይስፈር፦ የሚቀባው የትኛው በር ወይም ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) እንደሆነ፣ ክሊሩ በሃርድነር (ተቀላቅሎ በሚያጠነክረው ኬሚካል) የሚሠራ መሆኑ፣ እጀታና ጎማ ክፈፍ ተፈትተው እንደሚቀባ። እጀታው ሳይፈታ በፕላስተር ብቻ ተሸፍኖ ከተቀባ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ጠርዝ ነው።

3. የመጀመሪያ ጉብኝት፦ ስቱኮ

ጭረት ብቻ ከሆነ ስቱኮ ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። ከገባ ግን እዚህ ላይ ጊዜዎን ያጥፉ፤ አብዛኛው ችግር የሚወለደው እዚህ ነው።

ከማሸት በፊት ቅባት ማስለቀቂያ ይቀድማል። ሳይጸዳ ከታሸ የብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ጭረቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ የተጎዳው ቀለም በ80 ቁጥር ይነሣል፣ ጠርዙ በ180 ከዚያም በ240 ይሳሳል። ላሜራው ከጎደጎደ በቅድሚያ ባትላሜራው (ላሜራ ቀጥቃጩ) ያቃናው። ስቱኮ ጉድጓድ መሙያ አይደለም፤ ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ወፍራም ስቱኮ በንዝረትና በሙቀት ይሰነጠቃል።

ለ100 ግራም ስቱኮ የሚበቃው ሃርድነር 2 ወይም 3 ግራም ነው። ቀዩ ሃርድነር በትክክል ሲገባ ውህዱ ወጥ ፈዛዛ ሮዝ ይሆናል። ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ ሲበዛ ቀላ ይላል፤ ትርፉ ሃርድነር ከሳምንታት በኋላ በቀለሙ አልፎ ይወጣና ነጭና ብርማ መኪና ላይ ቢጫ እድፍ ይሠራል። ሲያንስ ደግሞ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል።

ስቱኮ የሚታሸው በደረቁ ነው። አቧራ እንዳይነሣ በውሃ የሚያሹ አሉ፤ ይህን ካዩ ያስቁሙ። ስቱኮ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል፤ ውሃው ላሜራው ላይ ተኝቶ ያዝገዋል፣ ከወራት በኋላ ቀለሙ ላይ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ይወጣሉ። ያኔ መፍትሔው እንደገና እስከ ብረቱ መፋቅ ብቻ ነው።

ታሽቶ ሲያልቅ መዳፍዎን በስስ ጨርቅ ሸፍነው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ከደህናው ቀለም ወደ ስቱኮው በዝግታ ይዳብሱ። ድንበሩ ከተሰማዎት አልጨረሰም። ክሊር ሲረጭበት መዳፍ የነገረዎትን ዓይን ያየዋል።

4. ሁለተኛ ጉብኝት፦ ፕራይመር

ባለሃርድነር ፕራይመር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይረጫል፤ ድብልቁ ብዙውን ጊዜ 4 ለ1 ነው፣ ጣሳው ላይ የተጻፈው ግን ይቀድማል። በ20 ዲግሪ ሦስት አራት ሰዓት ይፈልጋል። ሳይደርቅ ከተቀባበት ውስጥ የቀረው ቲነር ሲተን ፕራይመሩ ወደ ታች ይሰበሰባል፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት በክሊሩ ሥር መስመር መስመር ሆኖ ይወጣል። ዛሬ አስረክበው ነገ ውሰዱ የሚል ቀጠሮ ከዚህ ጊዜ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ጥሩ ቀለም ቀቢ ፕራይመሩ ላይ ስስ ጥቁር ይነፋና በ400 ወይም በ500 ያሸዋል። ጥቁሩ ነጥብ ሆኖ የቀረበት ቦታ ጉድጓድ ነው። አንድም ነጥብ ሳይቀር ሲያዩ ቀለሙ ይቀጥል።

5. ቀለሙና ክሊሩ

እዚህ መቆም የለብዎትም፤ ባይቆሙም ይሻላል። በሃርድነር የሚሠራ ክሊር ሲረጭ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ይለቃል፣ የጨርቅ ማስክ አያስቆመውም። ልጆች ይዘው አይሂዱ።

ቀለሙ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ይረጫል፣ በየመሃሉ እስኪፈዝ ይጠበቃል። ሜታሊክ ከሆነ ወደ ጎረቤቱ በር ጥቂት እየሳሳ እንዲገባ ይስማሙ፤ ትክክለኛ ኮድም ቢሆን ጠርዝ ላይ በመስመር ከቆመ ልዩነቱ ያስታውቃል። ክሊሩ ግን መሃል ላይ አይቆረጥም፤ በሩ ወይም ፓራፋንጎው በሙሉ ይቀባል። መሃል ላይ የሳሳ ክሊር መጀመሪያ የሚላጠው እዚያው ነው። በፎርኖ (በቀለም ማድረቂያ ክፍል) ላሜራው 60 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። መኪናዎ ኤሌክትሪክ ከሆነ ባትሪው የሚችለውን ሙቀት መመሪያው ላይ አስቀድመው ይመልከቱ።

ቀለሙ ላይ የዓሣ ዓይን የሚመስሉ ክብ ጉድጓዶች ከወጡ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ነው፤ ዳሽቦርድና ጎማ ለማብለጭለጭ የሚነፋው ማለት ነው። መኪናውን ከመስጠትዎ በፊት ባለው ሳምንት አያስነፉት። በክረምት ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ከቀለሙ ጋር እንዳይወጣ በየጠዋቱ መፍሰስ አለበት።

6. ሲረከቡ

በቀን፣ ደረቅ መኪና ይረከቡ። ውሃ ጉድለት ይደብቃል፣ ምሽትም እንዲሁ። ከጎን ቆመው የመብራት ምሰሶ ነጸብራቅ በሩ ላይ ይፈልጉ፤ ምሰሶው ከተጣመመ ስቱኮው አልተስተካከለም። መስታወቱን በጣትዎ ዳሰስ ያድርጉ፤ ሻካራ ከሆነ ቀለም በኖበታል፣ ያጽዱልዎት። በሩ ሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አለመደፈናቸውን ይዩ። አንድ ሁለት የአቧራ ነጥብ በፖሊሽ ይወጣል፣ ለእሱ አይጣሉ።

ለአንድ ሳምንት በሳሙና አይጠቡት፣ ለ30 ቀን ሰም አይቀቡት፤ ክሊሩ ገና እየጠነከረ ነው። የወፍ ኩስ ካረፈበት በዚያው ሰዓት በብዙ ውሃ ያውርዱት።

ከመውጣትዎ በፊት የተረፈውን ቀለም፣ ሃርድነር ያልገባበትን፣ በጠባብ ብልቃጥ ይጠይቁ። አጥብቀው ከድነው፣ ኮዱንና ቀኑን ጽፈው ከፀሐይ ያርቁት። ኮፈን ላይ ጠጠር ለሚያነሣው ትንሽ ነጥብ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ጠብ ቢያደርጉበት ዝገቱን ይቀድሙታል።