ሀንጋሪኛን በአማርኛ በኩል ጀምሩት

ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ ለስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም (የሀንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ) ያመለከታችሁ ወይም እንዲሁ ቋንቋው የሳባችሁ ሰዎች፣ አንድ ምክር አለኝ። ሰዋስዉን በእንግሊዝኛ እያሰባችሁ አትማሩት። ፈረንጁን የሚያስለቅሰው ነገር ግማሹ አማርኛችን ውስጥ አለ።

አነባበቡን ቶሎ እንለፈው። «ኤስ» ፊደል ብቻዋን «ሽ» ናት፤ «ስ» የምትሆነው «ዜድ» ስትከተላት ነው። ቡዳፔሽት የሚሉትም ለዚህ ነው። ጭረት ያለበትን አናባቢ አስረዝሙት፣ የቃሉን መጀመሪያ ሁሌም ጠንከር አድርጉት።

አሁን ወደ ቅጥያ። ቾናክ ጀልባ ነው፣ ቾናኮም ጀልባዬ፣ ቾናኮምባን ጀልባዬ ውስጥ። ቅደም ተከተሉ ያው የኛው ነው! ችግሩ «ባን» መልኳን ትቀይራለች፦ ቃሉ ውስጥ እንደ አ፣ ኦ፣ ኡ ያሉ ድምፆች ካሉ «ባን»፣ እንደ ኤ ያሉ ከሆኑ «ቤን»። ስለዚህ «ባሂር ዳርባን ቫጆክ» (ባሕር ዳር ነኝ)፣ የሀንጋሪዋ ከተማ ዴብሬትሴን ስትደርሱ ግን «ዴብሬትሴንቤን»። ቡዳፔሽት ላይ ደግሞ «ቡዳፔሽቴን» ይላሉ፣ «ላይ» እንደማለት ነው። ለምን ብላችሁ አትድከሙ፣ ብዙዎቹን የራሳቸውን ከተሞች እንዲህ ነው የሚሏቸው።

እኔ የምወደው ክፍል ተሳቢው ነው። መጨረሻው ላይ «ት» ትገባለች፣ የኛ «ን» በሏት፤ ልዩነቱ የነሱ ነገሩ ታወቀም አልታወቀም አትቀርም። «ላቶክ ኤጅ ቾናኮት» አንድ ጀልባ አያለሁ፤ «ላቶም አ ቾናኮት» ጀልባውን አየዋለሁ። ግሱን አያችሁት? እኛ «አያለሁ»ን ወደ «አየዋለሁ» እንደምንቀይረው፣ እነሱም ላቶክን ላቶም ያደርጉታል። «አይሃለሁ» ለማለት ደግሞ አንድ ቃል ይበቃል፣ ላትላክ። «አይሻለሁ»ም ያው ነው፣ ጾታ የሚባል ነገር የላቸውም፤ እሱም እሷም «ኧ» ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አማርኛ ያሳስታችኋል። «አ ቶ ሴፕ» ማለት ሐይቁ ቆንጆ ነው፣ «ነው» ግን የለም። አፋችሁን እየበላችሁ «ቫን» (የነሱን «ነው») ጣል ማድረግ ያምራችኋል፤ ተዉት። የት እንዳለ ስትናገሩ ግን የግድ ነው፦ «አ ቾናክ አ ቶባን ቫን»፣ ጀልባው ሐይቁ ውስጥ ነው። «ነኝ» እና «ነህ»ም አይቀሩም።

ከቁጥር በኋላ ብዙ ቁጥር አትጨምሩ፣ «ሃሮም ሃል» ሦስት አሳ ነው፣ አለቀ። አንቱታም አላቸው፣ ግሱ እንደ «እሱ» ይረባል።

ለልምምድ ጣና ዳር ወክ ስታደርጉ ያያችሁትን ሁሉ ተሳቢ አድርጉት። ፋ (ዛፍ) ፋት፣ ማዳር (ወፍ) ማዳራት፣ ሃል ሃላት። ሐይቁ ራሱ አመለኛ ነው፣ ቶ ብሎ ታቫት ይሆናል። ሲርባችሁ ደግሞ አሳ ቤት ገብታችሁ በልባችሁ እዘዙ፦ «ሃላት ኬሬክ»፣ አሳ ስጡኝ።